ፈረሱ የረገጠው መሬት

ባለፈው ሰሞን ቦዲቲ ለልቅሶ ሄጄ ነበር። ሟቹ የእናቴ ወገን፣ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ልቅሶው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ መዘምራን አሉ፣ ስብከት አለ፣ ድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር አለ። ቤተሰቡ ግን ሽማግሌው በአሮጌው ወግ ጭምር ይሸኙልን ብሎ አንድ አወዳሽ ጠርቷል። አወዳሹ ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው። ጦሩን ጨብጦ በሬሳው ፊት ወዲያና ወዲህ እየሮጠ የሟችን አባቶች በወላይትኛ ቆጠረ፣ ያረሱትንና ያሸነፉትን ጠራ። ደህና ነበር። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከተማን እንደ ገለባ ያነደደው፣ ነገሥታት ግብር ይዘው ደጁ የቆሙለት፣ ፈረሱ የረገጠው መሬት ሣር የማያበቅለው» ሲል ግን ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ክንዴን ያዘችና «እማማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ያን ስንኝ ስለማውቀው ነው። ከየት አገር እንደመጣ፣ በማን አፍ ሶዶ እንደገባ፣ በማን ሬሳ ላይ መጀመሪያ እንደተባለ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ሶዶ ያኔ ባጃጅ አታውቅም፤ ሰውም ጤፍም በፈረስ ጋሪ ነበር የሚሄደው፤ መንገዱ ሁሉ ፋንድያ ፋንድያ ይሸታል። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ሱቅ ነበረችኝ፤ መጽሐፍ አከራይባታለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ይመልሰኝ። የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር አነብ ነበር። መጽሐፍ ለአንድ ቀን በስሙኒ፣ ወፍራሙ በሃምሳ ሳንቲም፤ ሻይ በብርጭቆ ከጎረቤት ይመጣል። ወጣቶቹ ከሰልባጅ ተራ የገዙትን ሰፊ ጃኬት ለብሰው፣ በረባሷቸውን እየጎተቱ ይመጡና በድንጋይ ላይ ተደርድረው ያነባሉ። ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት ካሴት ሲያጫውት ይውላል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እስኪሞቅ ድረስ እኛም ጸጥታ እናገኛለን። ዘመኑ ሁሉም ሰው ታሪኩን የሚፈልግበት ነበር። እኛ ማን ነን፣ ማን ወጋን፣ ማንን ወጋን፤ በየሻይ ቤቱ ወሬው ይኸው ነው። አንዳንድ ቀን ወሬው በቡጢ ያልቃል።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማይከፍሉት ጋሽ ላሊሶ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ኪራይ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸው በወሬ ይከፍሉኛል። ከሽፋኑ የተገነጠለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አነሱና ስለ ሁኖች ንጉሥ ማውራት የጀመሩበት ቀን ዛሬም ፊቴ ላይ ነው። ይህ ንጉሥ ከምሥራቅ በፈረስ መጥቶ አውሮፓን ያረሰ ነው አሉ። የገባባቸው ከተሞች ውሻ እንኳ አልተረፈባቸውም፤ የአንዱ ከተማ የወንዝ ዳር በአጥንት ስለነጣ መልእክተኞች የሚያድሩበት ቦታ አጡ። ፈረሱ የረገጠው መሬት ሣር አያበቅልም ይባልለት ነበር። ሲሞትም በሠርጉ ማግስት በነስር ታፍኖ ሞተ። ወታደሮቹ እንዲህ ያለ ሰው በሴት እንባ አይለቀስም፣ በወንድ ደም ነው እንጂ ብለው ጉንጫቸውን በጩቤ ሰነጠቁ። በወርቅ፣ በብርና በብረት ሣጥን ቀበሩት፤ መቃብሩ እንዳይታወቅ ቆፋሪዎቹን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አረዷቸው።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ደሴ ነበር የምንለው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት፣ ቀን ሱቄ ውስጥ የሚያግዘኝ፣ ማታ ከቀበሌው የኪነት ቡድን ጋር ቴአትር የሚለማመድ ረጅም ልጅ ነው። ጋሽ ላሊሶ ቀጠሉ። «ቁም ነገሩ እሱ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ የሆነው ነው። የተቃጠሉት አገሮች መነኮሳት የእግዚአብሔር ጅራፍ ብለው ጻፉት፤ ልጅ ሲያለቅስ በእሱ ያስፈራሩ ነበር። ጀርመኖች ደግሞ በዘፈናቸው ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ቸር ንጉሥ አደረጉት፤ እንግዶቹ አዳራሹ ውስጥ ተራርደው ሲያልቁ ቆሞ የሚያለቅስ። ወደ ምሥራቅ ያለው ሌላው አገር ጭራሽ አባታችን ነው አለ፤ እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው ስሙን ያወጣሉ።»

«እና ጋሼ፣ የትኛው ነው እውነቱ?» አላቸው ደሴ።

«የት ቤት ነው ያደግከው? መልሱ እዚያ ነው ያለው» አሉት።

ደሴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። የኛን ቤት እያሰበ ነው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሰሜን ከመጣው ጦር ጋር የዘመተ ወታደር የልጅ ልጅ ነው፤ እናታችን ወላይታ ናት። አንድ ጦርነት በቤታችን ሁለት ተረት ነበረው። አባቴ ሲያወራው የሰሜኑ ንጉሥ ድል አድርጎ የወደቀውን ሰው ብዛት ሲያይ አለቀሰ፣ መሬቱን ባረከ፣ ከተማ ቆረቆረ። እናቴ ስታወራው ጢሱ ፀሐይዋን ጋረዳት፤ አያቷ ከእህቷ ጋር አንገቷን በአንድ ገመድ ታስራ ተነዳች፤ እህቲቱ መንገድ ላይ ስትወድቅ ገመዱን እንኳ አልፈቱላትም፣ ጎትተው ጎትተው ሲሰለቻቸው አንገቷን በጎራዴ ቆረጡት። ሁለቱም በአንድ ገበታ ላይ ያወሩት ነበር፤ አባቴ ሲያወራ እናቴ ጎመን ትከትፋለች፣ እናቴ ስታወራ አባቴ ውጭ ይወጣል። አባቴ ከሞተ በኋላ የአያቱ የዘመቻ ልብስ፣ የአንበሳ ጎፈርና ባለጥልፉ ለምድ፣ በሣጥን ውስጥ ቀሩ። እናቴ ሣጥኑን ልታስጠጋ ስትፈልግ በእግሯ ነበር የምትገፋው። በእጇ ነክታው አታውቅም፤ ለሰውም አልሰጠችውም።

የኪነት ቡድኑ የሁኖችን ንጉሥ ቴአትር ሊሠራ ተነሣ። ጋሽ ላሊሶ ደራሲም አዘጋጅም ሆኑ፤ ረጅሙ ደሴ ንጉሥ ሆነ። ቦታው ከብት ተራ አጠገብ ያለው ሜዳ፣ ቀኑ የገበያ ቀን። ንጉሡ በፈረስ ከተማ ሲያቃጥል መታየት ስላለበት አንድ ባለጋሪ ለልምምዱ ፈረሱን ፈትቶ አመጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወንድሜ ፈረስ ይፈራ ነበር። ልጅ ሳለ የጋሪ ፈረስ ትከሻው ላይ ነክሶት ጥርሱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጋሪ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ያን ቀን ፈረሱ አጠገብ ደርሶ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ባለጋሪው «ንጉሥ ሆይ፣ ይውጡ እንጂ፤ ይሄ ጋሪ ነው የለመደው፣ አውሮፓን ባያስወርርዎ እዚህ አረካ ያደርስዎታል» አለው።

ልጆቹ ሳቁ። ደሴ እግሩን አነሣ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሣ። ፈረሱ ቢያሽካካ ጊዜ ሸሽቶ እኔ ጀርባ ቆመ። «እትዬ፣ አልችልም» አለኝ በጆሮዬ። ጋሽ ላሊሶ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እንግዲያው ከሞቱ እንጀምራለን፤ ሬሳ ፈረስ አይጋልብም» አሉ። ጦርነቱን ሁሉ አወጡት። ቴአትሩ በልቅሶ እንዲከፈትና ንጉሡ ማን እንደነበረ ከልቅሶው በኋላ እንዲተረክ ሆነ። ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ልቅሶውን ግን ልጆቹ በአማርኛ አይሆንልንም አሉ፤ ሰው በእናቱ ቋንቋ ካልሆነ እንዴት ያለቅሳል። ጦርና ጋሻ ከየቤታቸው ለመኑ። ደሴ ደግሞ እናቴ ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ ሣጥኑን ከፈተ።

የኛን አገር ወግ ለማያውቅ ይህን ልንገር። ሰው ሲሞት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጣራ አለ። ያን ጥሪ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ሬሳን ሰምቶ ማለፍ ጎሜ ነው፣ እስከ ልጅ ልጅ የሚከተል ነውር ነው። ሬሳው ዘንድ ደርሶም ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ስም የሚጠየቀው ካለቀሱ በኋላ ነው። አወዳሽ የሆነ ደግሞ ጦሩን ይዞ ይወጣል።

ልጆቹ ይህን ያውቃሉ፤ አላሰቡትም። ቴአትር ነው ብለው ከጉብታው ላይ አንዱ ወጥቶ እውነተኛውን ጥሪ ተጣራ። ድምፁ ግሩም ነበር። ገበያው ሁሉ በአንዴ ጸጥ ሲል ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከቤሌ ቅቤ ይዘው የመጡት፣ ከበዴሳ ወይፈን የነዱት፣ ሁሉም ጥሎ ሮጠ። ሴቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ ወንዶች ዱላቸውን እንደያዙ፤ ሱቄን ሳልዘጋ አብሬ ሮጥኩ። ደሴ በቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። የአንበሳው ጎፈር ራሱ ላይ፣ ለምዱ ደረቱ ላይ፤ ከአፍንጫው እስከ አገጩ የቀይ ሥር ጭማቂ አፍስሰውለት ነስር መስሏል። ዙሪያውን ልጆቹ በጋሻና በጦር ይሮጣሉ። ሕዝቡ ደረሰና ሳይጠይቅ አለቀሰ።

ከከብት ተራ በኩል ዳልኬ መጣ። ያኔ ከቦዲቲ እስከ ሶዶ እንደ እሱ ያለ አወዳሽ አልነበረም፤ ገበያም ሲወጣ ጦሩ ከእጁ አይለይም። የተዘረጋውን ረጅም ሰው አየ፣ ጎፈሩን አየ፣ ትልቅ ሰው ሞቷል ብሎ እንባው ወረደ። «ጋሻችን ወደቀ፤ ከእንግዲህ ማን ይሸፍነናል» እያለ ጦሩን መሬት ላይ ሲወጋ ሰው ሁሉ ደረቱን ይመታ ነበር። ጋሽ ላሊሶ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ተመልካች አይተው አያውቁም። ፊታቸው አብርቶ፣ ከቀበሌው የተዋሱትን የድምፅ ማጉያ አነሡና መተረካቸውን ጀመሩ። «ይህ ንጉሥ ከሩቅ አገር በፈረስ መጣ። ከተሞችን አቃጠለ፤ ወንዶችን ፈጀ፤ ሴቶችን በገመድ አስሮ ነዳ።»

ልቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። ሰው ወደ ሬሳው፣ ወደ ጎፈሩ፣ ወደ ጥልፉ አየ። ያን ልብስ ከአያቶቻቸው ወሬ ያውቁታል።

«ይሄ ያኛው ነው» አለ አንድ ሰው በወላይትኛ።

«ማን?»

«ያቃጠለን ነዋ። ለእሱ ነው ያስለቀሱን።»

የመጀመሪያው ድንጋይ ጋሽ ላሊሶን አፋቸው ላይ አገኛቸው፤ ማጉያው ከእጃቸው ወድቆ እያፏጨ ሲንከባለል ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተንበረከኩ። ከዚያ ሜዳው ተገለበጠ። ጋሻ የያዙት ልጆች ቴአትሩን ትተው ራሳቸውን ለማዳን መቱ፣ ተመቱ። የአንዱ ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ባለጋሪውን ከጋሪው ላይ አውርደው ረገጡት። እንባው ጉንጩ ላይ ያልደረቀ ሰው ያን እንባ ከፊቱ ሊያወርድ የሚፈልግ ይመስል በዱላው ያገኘውን ሁሉ ይደበድባል። እኔ በክርን እየተመታሁ ወደ ቃሬዛው ስገፋ «ደሴ ተነስ፤ ደሴ ተነስ» እላለሁ። አልተነሣም። በዋዜማው ማታ «ሬሳ ከተነቃነቀ ሰው ይስቃል፤ እኔ አልነቃነቅም» ሲለኝ ነበር። ጩኸቱን የቴአትሩ መስሎት እንደሆነ፣ ወይ አንዱ ድንጋይ ቀድሞ አግኝቶት እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጦሩ ግን ሲወርድ አየሁት። ከማን እጅ እንደወጣ አላየሁም። በኋላም ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ፣ በሸንጎው ሜዳ ላይ፣ ሕዝቡን አስቀምጠው ሲጠይቁ ያየ አልተገኘም፤ ያላየም ግን አልነበረም።

እናቴ የቅቤ ቅሏን እንደያዘች ደረሰች። ቅሉን ጣለችው፤ መቀነቷን ፈታችና በሕዝቡና በቃሬዛው መካከል ዘረጋችው። እናት መቀነቷን ፈትታ ከዘረጋች የሚሻገር የለም። ዱላው ሁሉ ባለበት ቆመ። ሜዳው ላይ የሰው ትንፋሽና የማጉያው ፉጨት ብቻ ቀረ። ነክተውት በማያውቁት በእነዚያ እጆቿ ጎፈሩን ከራሱ አነሣችለት፤ አፍንጫውን በነጠላዋ ጠረገች፤ አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ቀይ ሥር ነው» አለችኝ። «አልማዝ፣ አትፍሪ፤ ቀይ ሥር ነው።»

ለምዱን ስትገልጠው ግን ከታች ያለው ቀይ ሥር አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቴ ቀይ ሥር ተቀቅሎ አያውቅም።

ሶዶ ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ አለቀሰች። በውሸቱ ቀን የመጣው ሰው ሁሉ ለእውነተኛው ልቅሶ ተመልሶ መጣ፤ ራሱ በሻሽ የታሰረ፣ ከንፈሩ ያበጠ፣ የሚያነክስ። ጋሽ ላሊሶ ያበጠ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከአጥሩ ጥግ ቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ሱቄ ይመጡ ነበር፣ ስለ ንጉሥ ግን አላወሩም። ችግሩ ወንድሜ ልጅ መሆኑ ነበር፤ ያላገባ፣ ያልወለደ፣ በሬ ጠምዶ ያላረሰ። በወጋችን ለእንዲህ ያለው ውዳሴ የለውም፤ ሴቶች ያለቅሱለታል፣ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ፣ በቃ። እንደዚያ ቆመን ሳለን ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ዳልኬ ነበር። እጁ ባዶ ነው። አወዳሽ ያለ ጦር ሬሳ ፊት ሲቆም ያየ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አየ። እናቴም አየችው፤ ረጅም ጊዜ።

ዳልኬ ባዶ እጁን ወደ ላይ አነሣና ጀመረ። ለልጅ የሚባል ስለሌለው በማጉያው የሰማውንና ኋላም ጋሽ ላሊሶን ለምኖ ያስነገራቸውን ሁሉ፣ የዚያን የባዕድ ንጉሥ ክብር ሁሉ፣ ለወንድሜ ሰጠው። «ከተማን እንደ ገለባ ያነደደው፣ ነገሥታት ግብር ይዘው ደጁ የቆሙለት» አለ። እዚያ ላይ ድምፁ ተሰበረ።

እናቴ ከመሬት ላይ ሆና በወላይትኛ «ጨርሰው» አለችው።

«ፈረሱ የረገጠው መሬት» አለ ዳልኬ፤ «ሣር የማያበቅለው።» ጨረሰው። ሽማግሌዎቹ ከጊፋታ በፊት የእኛንና የእሱን ቤት ደም አስታረቁ፤ ቅሬታ ይዞ አዲስ ዓመት መግባት በእኛ አይቻልምና። ዳልኬ ከዚያ በኋላ ጦር እንዳልያዘ ሰማሁ። እናቴም ጎፈሩንና ለምዱን ከደሴ ጋር ከሜዳው በላይ ቀበረቻቸው፤ አገር ሁሉ እያየ።

ቦዲቲ ላይ ልቅሶው ሲበተን ያን ወጣት አወዳሽ ጠራሁት። ላቡን እየጠረገ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «ልጄ፣ ያ የመጨረሻው ስንኝ የማን ነው?» አልኩት።

«የአያቴ ነው እማማ። ዳልኬ ይባል ነበር። ስለ ድሮ ንጉሣችን ነው።»

«የኛ ንጉሥ?»

«አዎ። ከሁሉ የበለጠው ነው ይል ነበር። መቃብሩ ሶዶ ነው፣ ከከብት ተራው ሜዳ በላይ። እስከ ዛሬ ሣር አይበቅልበትም።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁም። ግን ይታወቃል እኮ» አለኝ፣ የአሮጊት ጥያቄ እንደሚመልስ ሰው በትዕግሥት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ የማይገባኝ ነገር ግን አለ። አያቴ ይህችን ስንኝ ሲያስተምረኝ ያለቅስ ነበር፤ ጦርም አይዝም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው ሳይነግረኝ ሞተ። አንቺ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ዓይኑ የአያቱ ዓይን ነው። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። የታረቀ ደም አይቀሰቀስም፤ ይህ ልጅም በዚያ ሜዳ አልነበረም።

«እንዲህ አድርግ» አልኩት። «እዚያች ስንኝ ላይ ስትደርስ ጦሩን ለአጠገብህ ሰው ስጥ። በባዶ እጅህ በላት። አያትህ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ አይቼዋለሁ።»

«ወጉ ነው?»

«ወጉ ነው።»

በማግስቱ ሶዶ ተመልሼ ማጭዴን ይዤ ወደዚያ ሜዳ ወጣሁ። ዛሬ ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፤ ባጃጆች በመካከሉ ያቋርጣሉ። የደሴ መቃብር ጋ ስደርስ ሣሩ ጉልበቴን አልፏል፤ እንደ ዘንድሮ በቅሎ አያውቅም። ከጋሪ የተባረረ አንድ አሮጌ ፈረስ መሐሉ ላይ ቆሞ ይግጣል። በመጋጡስ ምንም አልነበረም። ግን ድንጋይ አንሥቼ «እሽ» ብዬ አባረርኩት፤ እስከ መንገዱ ድረስ። ደሴ ፈረስ ይፈራል።